ለአባትየው የተላከ መድኃኒት

ጠበቃዋ ካባዋን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ስትወርድ፣ የተረታችው እናት ከኋላ ደረሰችባት። ጠበቃዋ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከዚህ ቀደም እዚሁ ደረጃ ላይ በጥፊ ያላትም፣ ፊቷ ላይ የተፋባትም ነበር።

"አይፍሩ፣ ለጠብ አይደለም የመጣሁት" አለች እናትየው።

የፍርድ ቤቱ ሠራተኞች ጠበቃዋን "ምላጭ" ይሏታል። ለዓመታት ዐቃቤ ሕግ ነበረች፤ ወንጀሉ ሲሰለቻት ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ዞረች። ፍቺ፣ ቀለብ፣ ጉዲፈቻ፣ የልጅ አሳዳጊነት፤ ቢሮዋ በር ላይ በደማቁ ተጽፏል። ስም ያወጣላት የመጨረሻው ነው። ከባልና ሚስት ቀድሞ እሷን የያዘ እፎይ ብሎ ይተኛል። ዛሬም እናትየው ከወሊድ በኋላ ድብርት ታማ እንደነበር ፈልፍላ አወጣችና፣ "ራሷን መጠበቅ ያቃታት ልጅ ትጠብቃለች?" ብላ ዳኛው ፊት አፈር ድሜ አበላቻት። ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ አባቷ ጋ ናት።

እናትየው ትንሽ ከረጢት ዘረጋችላት። ውስጡ ያለው በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ነው።

"ሲበርዳት ትንፋሽ ያጥራታል። እንዳያስተኛት፤ ቀና አድርጎ ያስቀምጣትና ሁለቴ ይንፋላት። ካልተሻላት ሐኪም ቤት ይሩጥ። የኔን ስልክ አያነሳም፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

"አባቷ አያውቅም እንዴ?"

"እንጃ። ዛሬ ግን 'እኔ ጋ ስትሆን ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ' ብሎ ሲምል ሰምቼዋለሁ።"

ያንን መልስ ያስጠናችው ጠበቃዋ ነበረች። ከረጢቱን ተቀብላ መኪናዋ ውስጥ ገባችና ደወለችለት።

"አስም?" አለ አባትየው። "የምን አስም? እኔ እኮ ጉንፋን መስሎኝ..."

"ዝም ብለህ ስማኝ። መጥተህ መድኃኒቱን ውሰድ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይዘሃት ሂድና በስምህ ካርድ አውጣላት፤ ይግባኝ ከመጣ ይጠቅመናል። ማንም ቢጠይቅህ ደግሞ ከድሮም ታውቃለህ።"

"እሺ... ስንቴ ነው የሚነፋላት?"

ጠበቃዋ ለማስታወስ ትንሽ ቆየች። "ሁለቴ መሰለኝ።"

ስልኩን ከመዝጋቷ የመኪናው መስታወት ተንኳኳ። እናትየው አልሄደችም፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

"ነገሩት? ያውቅ ነበር?"

ጠበቃዋ መስታወቱን ዝቅ አደረገችው። አያውቅም ካለቻት፣ ሴትዮዋ ነገ በጠዋት ይግባኝ ትላለች። አባትየው በሐሰት መማሉ ይወጣል፣ ፍርዱ ይናዳል፣ ልጅቷም ወደ እናቷ ትመለሳለች። እናትየው ግን ይህን ሁሉ አላሰበችውም። የጨነቃት የልጇ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ያውቃል" አለች ጠበቃዋ። "ድሮም ያውቅ ነበር።"

እናትየው በረጅሙ ተነፈሰች።

"እንኳን አወቀ" አለች። "እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር።"

ጠበቃዋ መስታወቱን ዘግታ ሞተሩን አስነሳች።