ክንፈ የለጠፈው የኀዘን ማስታወቂያ

ክንፈ ያን ረቡዕ ያሸነፈ መስሎት ነበር። የሰፈሩ፣ የቤት ኤሊዔዘር ሰው ግማሹ ነገሩን ያውቃል፤ እሱ ግን እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ ገበያ ውስጥ የቲማቲም ሣጥን እያወረደ፣ በየመሃሉ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ብቻውን ፈገግ ይላል። አዲና ዝም ብላለች። ማክሰኞ ማታ በቪዲዮ መልስ እሰጣለሁ ብላ ለዚያ ሁሉ ተመልካች ቃል የገባችው ልጅ ማክሰኞ ድምጿ ጠፋ፣ ረቡዕ ጠዋትም ጠፋ። አፍራ ነው አለ ክንፈ። አዲና ግን አላፈረችም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሥራ ጉዳይ ከሄደችበት ከሃይፋ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞታለች።

አዲና የአክስቱ የኮኮቤ ልጅ ናት። ክንፈ አምስት ዓመቱ ላይ እናቱ ስትሞትበት ኮኮቤ ወሰደችው፤ ከአዲናና ከወንድሟ ከጋቢ ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኝታ አሳደገችው። እማዬ የሚለው እሷን ነው። አዲና በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ትምህርት ቤት የሚሰድበውን ልጅ በቦርሳዋ እያሯሯጠች የምትመታለት እሷ ነበረች። ትልቅ ስትሆን ቴላቪቭ ገባች፣ ፊልም እያየች በቪዲዮ መተቸት ጀመረች፣ አንደበቷ ደግሞ ከልጅነቷም ምላጭ ነው። ክንፈ ከኮኮቤ ጋር ሐደራ ቀረ፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።

የተጣሉት በፊልም ነው። አዎ፣ በፊልም። «የንጋት ዘብ» ይባላል። ጀግናው ከጎንደር ተራራ የወጣ ጥቁር ሰው ነው፤ ጎህ ሲቀድ ጉልበት ይመጣለትና የሚፈርስ ድልድይ በትከሻው ይዞ ያቆማል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደህና ፊልም አልነበረም። ታሪኩ መሃል ላይ ይጠፋል፤ ጠላትየው ምን እንዳስቆጣው እስከ መጨረሻው አይታወቅም፤ ጀግናው ሦስት ጊዜ አማርኛ ይናገራል፣ ሦስቱንም ጊዜ ማን እንዳስተማረው እንጃለት። ጋዜጣው ሁሉ ተረባረበበት። ክንፈ ግን አምስት ጊዜ አየው፣ አምስቱንም ጊዜ አለቀሰ።

ለምን አለቀሰ ቢሉ፣ መንገድ ላይ መታወቂያ አምጣ እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። ፊልሙ በወጣ በመጀመሪያው ቀን ከፊቱ ባለው ወንበር አንድ ነጭ ሕፃን የዘቡን ጭምብል አጥልቆ ተቀምጦ ነበር። ጭምብሉ የክንፈን መልክ የመሰለ ጠይም ፊት ነው። አባቱ አውልቀው ሲለው ሕፃኑ እምቢ አለ። ይኼው ነው። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ሰው ምን እንደሚያወራ ለክንፈ አይገባውም። ከጓደኛው ከኦሸር ጋር «የዘቡ ወታደሮች» የሚል ቡድን በስልክ ከፈቱ። በወሩ ሦስት ሺህ ሰው ሆኑ። ፊልሙን ክፉ የተናገረ ሁሉ ላይ ተግተልትለው ይወርዱበታል፤ ሰውየው ይቅርታ ብሎ ካላጠፋው አይለቁትም። ክንፈ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ የሚሰማው ሰው አግኝቶ አያውቅም፣ ደስታውንም አልደበቀም።

አዲና ቪዲዮዋን የሠራችው ያኔ ነው። «ፊታችንን ስላየን ብቻ ካለቀስን ሁልጊዜ ርካሹን እየሠሩ ይሸጡልናል። እኔ ከዚህ የተሻለ ይገባኛል» አለች። ባለች በማግስቱ ክንፈን ሲሰድቡት የከረሙት ነጮች ቪዲዮዋን እየተቀባበሉ፣ ይኼው የራሳችሁ ልጅ መሰከረች አሉት። እዚህ ላይ ነው አንጀቱ ያረረው። ዓርብ ማታ ኮኮቤ ቤት ገበታ ላይ ሲገናኙ ሰላምታዋን አልተቀበላትም።

«ጠላት እያጨበጨበልሽ ነው» አላት።

«ሲኒማ ነው እኮ ክንፈ። አንተን ምን አልኩህ?»

«እኔን ነው ያልሽው።»

አዲና የጎረሰችውን እንኳ በቅጡ ሳትውጥ ተነሥታ ሄደች። ኮኮቤ ተከትላት እስከ ደረጃው ወረደች፣ ከዚያ ተመልሳ ክንፈ ፊት ቆመች። «የሚመጣው ዓርብ ታርቃችሁ ከዚህ ገበታ ካልቀረባችሁ እናታችሁ አይደለሁም» አለችው። ክንፈም በሆዱ መታረቁን ይፈልገዋል። አዲናን ይወዳታል፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ብቻ ቀድማ እሷ ይቅርታ ትበለኝ አለ። እሷ ደግሞ መልሴን ማክሰኞ በቪዲዮ ስሙ ብላ ለጠፈች።

እንግዲህ ማክሰኞ ማታ ፖሊስ የደወለው ለጋቢ ነው። ጋቢ ሮጦ ወደ አባ ገሠሠ ሄደ። አባ ገሠሠ የኮኮቤ አጎት ናቸው፣ የዘመዱ ሁሉ ሽማግሌ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በድንገት አይነገርም፣ አንድ ሰው ብቻውንም አይናገረውም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ቆሞ ነው የሚነገረው። ኮኮቤ ደግሞ አምና የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ስለዚህ አስከሬኑ እስኪለቀቅ ረቡዕ ይለፍ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ እንግባ፣ ቀትር ላይ እንቅበር ተባለ። የሰፈሩ ነርስ ጥሩአለም የልብ መድኃኒት ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። ለኮኮቤ ደግሞ ጋቢ ደውሎ፣ አዲና ስልኳ ወድቆ ተሰብሯል አለ።

«ክንፈስ?» አለ ጋቢ።

አባ ገሠሠ አሰቡበት። «የሚኖረው ከሷ ጋር ነው። ፊቱን ያየችው እንደሆነ ታውቃለች። አይነገረው» አሉ።

ክፋት አስበው አይደለም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚደረገው።

ረቡዕ ጠዋት ክንፈና ኦሸር ሥራ ሳይገቡ ቁጭ ብለው ያን ነገር ሠሩት። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ጥቁር ክፈፍ ያለው ወረቀት በየግድግዳው፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል። ክንፈ የሱን ዓይነት በስልኩ ሠራ። የአዲናን ፎቶ አደረገ፣ ስሟን በትልልቁ የዕብራይስጥ ፊደል ጻፈ፣ «በታላቅ ኀዘን ሕልፈቷን እናሳውቃለን» አለ። ታች በደቃቁ፣ የሞተው የመተቸት ችሎታዋ ነው የሚል አለበት። ከዚያም በታች፣ «ቀብሩ ሲኒማ ቤቱ ኋላ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ይፈጸማል። ኀዘንተኛ የለም።» ኦሸር እስኪያለቅስ ሳቀ። ክንፈ ለጠፈው።

ሰዓት ሳይሞላ ጋቢ ጻፈለት። «አጥፋው።» ሌላ ነገር የለውም።

«እሷ መጀመሪያ ይቅርታ ትበል» ብሎ መለሰለት።

ጋቢ ደወለ። ክንፈ አነሣው። ጋቢ «እባክህ» ብቻ አለና ዘጋው። ክንፈ በጣም ተናደደ። የእናቷ ልጅ ስለሆነ አደላላት አለ፤ እኔ ድሮም የእህት ልጅ ነኝ አለ። ይኼን ያህል ዓመት አብረው አድገው እንደዚህ ማሰቡ ያሳዝናል፣ ግን አሰበው።

ረፋድ ላይ አባ ገሠሠ ራሳቸው በከዘራቸው እየተመሩ ገበያ መጡ። ምንም አልገዙም። ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ኮኮቤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች?»

«ትወስዳለች አባ። ምነው፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። ነገ ጠዋት ቤት አለህ?»

«ሥራ የምገባው በአንድ ሰዓት ነው።»

«እንዳትወጣ» አሉት። ሊሄዱ ዞሩና ደግሞ ቆሙ። «ያን ስልክህን ዝጋው ልጄ። ምን ይጠቅምሃል?»

ለእርቅ ሊመጡ ነው ብሎ ገመተ። ሽማግሌ የላከችብኝ ተሸንፋ ነው አለ፤ ደስም አለው፤ ነገ ይታረቃሉ፣ ዓርብ አብረው ይበላሉ። ጉንጫቸውን ስሞ ሸኛቸው።

ከሰዓት በኋላ ኮኮቤ መጣች። የምታጸዳው ገበያው አጠገብ ያለ የአረጋውያን ቤት ነው፤ የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ክንፈ፣ ይኼ ምንድን ነው? ሽሎሚት ናት፣ አብራኝ የምትሠራው፤ ታናሽ ልጇ አሳይቷት አቅፋኝ ታለቅሳለች።»

ኮኮቤ ዕብራይስጥ የምታነበው ፊደል በፊደል እየቆጠረች ነው፣ ያውም ትልልቁን። ያነበበችው የልጇን ስም ነው። ጥቁሩ ክፈፍ ደግሞ ንባብ አይፈልግም።

ክንፈ ደነገጠ። ሣጥኑን አስቀምጦ ትከሻዋን ያዛት። «እማዬ፣ ቀልድ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ስልኳ ለምን አይነሣም? ጋቢ ወድቆ ተሰብሯል አለኝ።»

«ሰው እየሰደባት ስለሆነ አጥፍታው ነው። ተሰብሮም ይሆናል። ደኅና ናት።»

«ማልልኝ።»

«በወለደችኝ እናቴ አጥንት፣ አዲና ደኅና ናት። ነገ ትደውልልሻለች።»

የእናቱ አጥንት ማለት የኮኮቤ የእህቷ አጥንት ነው። በዚያ ተምሎ አያውቅም፣ በቤታቸው። ኮኮቤ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ሳቀች። በሻሿ ጫፍ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። «በሕይወት ባለ ሰው እንዲህ ይቀለዳል? ምን ዓይነት ጅል አሳድጌአለሁ። በል አጥፋው።» አዲና የተሞላ ቃሪያ ትወዳለች ብላ ለዓርብ ቃሪያ መረጠች፤ ክንፈም ከሥር ያለውን ደኅና ደኅናውን እያወጣ ሰጣት።

ማታ ላይ ሊያጠፋው ነበር። ኦሸር ግን አርባ ሺህ ሰው አይቶታል፣ ዛሬ እንኳ ተወው አለው። ተወው።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። በቀስታ ነው የተዘጋው፤ ሰው እንዳይነቃ ሲፈለግ እንደሚዘጋው። ደግሞ ሌላ። ክንፈ በረንዳ ወጣ። ከሕንፃው በታች አምስት መኪና ቆሟል። ወንዶቹ ነጠላ ደርበው ዝም ብለው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ለብቻ ናቸው። ጥሩአለም የሕክምና ቦርሳዋን ይዛለች። እርቅ እንዲህ አይመጣም። ክንፈ እዚህ ሰፈር ነው ያደገው፣ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ።

መርዶ ሲመጣ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የመጡትን አይቶ ያልመጣውን ይፈልጋል። አባ ገሠሠ አሉ። ጋቢ አለ፤ ግንብ ተደግፏል። ከአሽዶድ የሚመጡት የጋቢ አጎቶች አሉ። ናታኒያ ያለችው አክስት አለች። ክንፈ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለቴ ቆጠረ። ጋቢ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ክንፈ የበረንዳውን ብረት ያዘ።

ደረጃውን ሲወጡ ኮኮቤ ነቅታ ነበር። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሁሉም በአንድ ላይ ገቡ፣ ጠባቧ ሳሎን ሞላች፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆሙ። ኮኮቤ አንድ በአንድ አየቻቸው። አልጮኸችም። እጇን አነሣች።

«አወቅሁ፣ አወቅሁ» አለች። «ያን ወረቀት አይታችሁ ነው። ተቀመጡ፣ አትሸበሩ። ቀልድ ነው።»

አባ ገሠሠ «ኮኮቤ ልጄ» አሉ።

«ቀልድ ነው እላችኋለሁ። ክንፈ ነው የሠራው። ትናንት እኔንም ገድሎኝ ነበር። በእህቴ አጥንት ምሎልኛል፣ ደኅና ናት።» ወደ በረንዳው ዞረች። «ና እስቲ ንገራቸው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አባ ገሠሠ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው፣ የተናገሩትም ይመስላል፤ ጋቢም እያለቀሰ «እውነት ነው እማ» አላት። ኮኮቤ አንዱንም አልሰማችም። የምታየው ክንፈን ነው። እሱ እስኪናገር ድረስ ልጇ በሕይወት አለች።

ክንፈ ሄዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። እጇን ያዘ። ትናንት ቃሪያ የመረጠችበት እጅ ነው።

«እማዬ፣ አዲና ሞታለች» አለ።

ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ጥሩአለም ተሯሩጣ መጣች። ኮኮቤ አልወደቀችም፣ አልመታችውም፣ እጇንም ከእጁ አልነጠቀችውም። ከዚያ በሌላ እጇ ከጠረጴዛው ላይ ስልኳን አነሣችና ያንን ጥቁር ክፈፍ ከፍታ ወደሱ አዞረችው።

«ታች በደቃቁ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም ነበር» አለችው። «ቀብሯ የት ነው ብለህ ነው የጻፍከው? አንብብልኝ።»

ክንፈ ስልኩን አየ። የራሱ ጽሑፍ ነው። ኮኮቤ ጣቷን ከሥሩ አድርጋ ጠበቀችው።