የአማረች የሙከራ ጊዜ

ደብረ ታቦር ያለው ዘይት ፋብሪካችን ለቋሚ ሠራተኛና ለልጆቹ የሕክምና ኢንሹራንስ ይገባል። ቋሚ ለመሆን ግን የሙከራ ጊዜን አንድም ቀን ሳይቀሩ መጨረስ ግድ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው እዚህ አገር ያደገ አይመስለኝም፤ ቢሆን ኖሮ በዓል የሚባል ነገር ትዝ ይለው ነበር።

አማረች አጠገቤ ቆማ የጀሪካን ክዳን ትገጥማለች። ልጇ ገነት ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተብሏል፤ ትንሽ ከሮጠች ከንፈሯ ይጠቁራል። በሽታው የታወቀ ዕለት አማረች ለገብርኤል ተሳለች፤ ልጄን አቆይልኝ እንጂ በቀንህ ሥራ አልነካም አለች። ስለዚህ በየወሩ በገብርኤል እኔ በእሷ ቦታ እገባለሁ፤ እሷ ደግሞ በእረፍቷ ቀን በእኔ ፈንታ ትሠራለች። የፈረቃ አለቃችንም ያውቃል። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንተጋገዘው።

ሐኪሙ ገነት ክረምት ሳይገባ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ሲል ተያይዘን አስተዳደር ቢሮ ገባን።

«አንቺ እኮ ገና ሙከራ ላይ ነሽ» አሏት ኃላፊው አቶ ዓለምነው። «በቀረሽ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል።»

«ሰው ተክቼ እኮ ነው የምቀረው!»

«መተካካትን ደንቡ አያውቀውም። ከአሁን ወዲያ ካልቀረሽ ግን ለክረምቱ ትደርሻለሽ።»

ደሜ ፈላ። «ሕፃን ይሙት የሚል ደንብ ነው?» አልኳቸው። አቶ ዓለምነው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያናድደውም ይኼው ነው። «እኔ ምን ላድርግ እህቴ» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

የንስሐ አባቷ «እግዚአብሔር ችግርሽን ያያል፤ ሂጂ ሥሪ» አሏት። አማረች ግን አልጽናና አለች።

ገብርኤል ደረሰ። አማረች ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ክዳን ስትገጥም ረፈደ። አንጀቴን በላችው። አቶ ዓለምነው ሊያበረታቷት ከቢሮ ወርደው መጡ።

«ጎሽ! እንዲህ ከቀጠልሽ ልጅሽ ትታከማለች።»

አማረች እጇን ከሥራው አነሳች። «ልጄን እስከ ዛሬ ያቆየልኝ ገብርኤል ነው፤ ዛሬ እሱን ከድቼ ወደ እናንተ መጣሁ። እስክትታከም ድረስ ማን ይጠብቅልኝ?»

አቶ ዓለምነው እንደ አገር ልማድ «ገብርኤል ይጠብቃታል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።