ሰላሁዲን ያልኖረበት ቤት

ኡሙሰልማ የገዛ ቤቷን በር እንደ እንግዳ አንኳኩታ ቆመች። ከፋሲሎ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር በእግሯ ስትመጣ የምትናገረውን ሁሉ አሰናድታ ነበር። ተከራይዋ አስናቀ በሩን ከፍቶ ሲያያት ግን ቃሉ ከአፏ ጠፋ። እሱም ለምን እንደመጣች ገብቶታል። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ እንቅልፍ ያላየ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ይግቡ እማማ» አላት።

የትርፍ ቤት ዐዋጁ ከወጣ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ቤት ያለው ሰው የሚኖርበትን አንዱን መርጦ ሌላውን ለመንግሥት ማስረከብ ነበረበት። መሸጥ የለም፤ ማከራየትም ቀርቷል፤ በተወረሰው ቤት ያለ ተከራይ ግን ለቀበሌ እየከፈለ ይቀመጣል። ኡሙሰልማ ፋሲሎ ያለውን ቤት ባሏ ሠርቶ አውርሷት፣ ከልጇ ከዘይነትና ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖርበታለች። ይኼኛውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ደግሞ ወንድ ልጇ ሰላሁዲን ለሠርጉ ብሎ ነበር የሠራው። ሰላሁዲን ሠርጉ ሳይደርስ እህል ሊያመጣ ሐይቁን ወደ ደልጊ ተሻግሮ ሲመለስ ጀልባው በማዕበል ተገለበጠ። አስከሬኑ አልተገኘም። እጮኛው ሌላ አገባች። ቤቱ ባዶውን ከሚፈርስ ብላ ለአስናቀ አከራየችው እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልፋ ገብታ አታውቅም።

ዘይነት የሰላሁዲንን ቤት እንዳትመርጥ ትናንት ስትለምናት ነበር ያመሸችው፤ ያ ሁሉ ልጅ በሁለት ክፍል እንዴት ይታጨቃል ብላ።

«አባትሽ መቃብር አለው» አለቻት ኡሙሰልማ። «ወንድምሽ ከዚያ ቤት ሌላ ምን አለው?»



አሁን ወደ ውስጥ ስትዘልቅ የአስናቀ ሚስት ፀሐይወርቅ አራስ ሆና አገኘቻት። ልትነሣ ስትሞክር ኡሙሰልማ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስተኛቻት። አስናቀ ሳትጠይቀው ይናገር ጀመር፤ ከተማውን ሁሉ ዞሮ ቤት እንዳጣ፣ ዘመድ የሚባል ሰው እዚህ እንደሌላቸው፣ ያም ሆኖ እንደሚለቁላት።

«ብቻ እሷ እስክትጠነክር ቢታገሡን» አለ።

ኡሙሰልማ ወደ ጓዳው ክፍል ገባች። ሰላሁዲን ግድግዳውን በእጁ ሰማያዊ ቀብቶት ነበር። ያን ጊዜ እጇን ይዞ አስገብቷት፣ ስትመጪ የምታርፊው እዚህ ነው ብሏታል። ዝናብ በዘነበ፣ ሐይቁ በታወከ ቁጥር ልጇን የምታየው በዚህ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ልብሱ ደርቆ፣ ሞቆት፣ ተኝቶ። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ እስከዛሬ ያልገባችው ይህ ምስል እንዳይጠፋባት ፈርታ ነው። አሁን ግን በክፍሉ ውስጥ የሕፃን ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። የአስናቀ የሥራ ካፖርት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የቅቤና የወተት ሽታ አለ። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ልጇ እዚህ አልነበረም።

ስትመለስ ሕፃኑን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ማን አላችሁት?»

«አምሐ» አለች ፀሐይወርቅ።

«ያሳድገው።»

በሩ ጋ ስትደርስ አስናቀ ተከትሏት መጣ። «ቁርጡን ይንገሩን እማማ። መቼ እንልቀቅ?»

ኡሙሰልማ ቀና ብላ የጣሪያውን ጥግ ተመለከተች።

«ክረምት ሲገባ በዚያ በኩል ያፈሳል» አለች። «ሰላሁዲን ቆርቆሮውን ሊቀይረው ነበር። ከእንግዲህ ለቀበሌው ንገሩ፤ ወደ እኔ አትምጡ።»

አስናቀ ነገሩ ቶሎ አልገባውም። ፀሐይወርቅ ግን ገብቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኡሙሰልማ ጫማዋን አጥልቃ፣ በሩን በቀስታ ገርበብ አድርጋ፣ ዘይነት ወደምትጠብቃት ቤት መንገድ ጀመረች።