የተገለበጠው በር

«ይሄ በር እኮ ተገልብጧል!» አለ በያጁ፣ አዲሱን የእንጨት ምድጃ ሊለኩስ ፊቱ ተንበርክኮ እጀታውን በቀኝ እጁ እየታገለ። እሱና ምድጃውን የሠራው ሟች በአንድ ጣሪያ ሥር ላሜራ ሲቆርጡና ሲበይዱ ነው ያረጁት። «እጀታው በወዲህ በኩል መሆን ነበረበት። እሱ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። ያኔውኑ ታሞ ነበር ማለት ነው።»

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። የሟቹ ሚስት ግን ወደ ምድጃው ዞረች። ባሏ ይህን ምድጃ ሲሠራላት ከርሞ፣ የጭሱን ቱቦ በጣሪያው ባወጣ ማግስት ሥራ ቦታ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ታሞ ከነበረ፣ አብራው እያደረች እንዴት አላየችም?

«ተወው፣ አይለኮስ» አለች።

«እሑድ አብረን እንለኩሰዋለን፤ እስከዚያ እንዳትነኪው!» ብሏት ነበር ባሏ። ምድጃው ባዶውን እስከተቀመጠ ድረስ ያ እሑድ ገና የሚመጣ ይመስላታል። ከነደደ ግን አለቀ፣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሞኝነት መሆኑን አጥታው አይደለም፤ ናፍቆት መቼ ምክር ይሰማል!

ቤቱ ብርድ ነው። ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጧል። አማቷ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጥግ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«ልጄ» አሏት፣ «ብርዱንስ እችለዋለሁ። ግን የልጄን እሳት ሳልሞቀው ብሞት ይቆጨኛል።»

እንዲህ ከተባለ ወዲያ እምቢ የሚል አንጀት የላትም። ፍልጡን አቅፋ ተንበረከከችና እጇን ሰደደች። በሩ ያላንዳች ትግል ተከፈተ። እጇን አየችው። ግራ እጇ ነው።

የአሮጌውን ምድጃ በር በግራ እጇ አሻግራ በከፈተች ቁጥር ክንዷ ይለበለብ ነበር። ባሏ ቅባት እየቀባት፣ «አንቺ ግራኝ፣ ግራ አጋባሽኝ እኮ!» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ሰው «በቀኝ አውለኝ» ብሎ ከቤቱ ሲወጣ፣ እሱ በጎን እያያት «እኔን በግራ አውለኝ» ይል ነበር።

«አልተሳሳተም» አለች ወደ በያጁ ዞራ። «ለእኔ ብሎ ነው እንዲህ የገጠመው።»

በያጁ እጀታውን ደግሞ አየው። «ሙት ወቃሽ ሆንኩ በሉኛ! ለካ ግራ የገባንስ እኛ ነን።»

አማቷ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

ክብሪቱን ጫረች። የምድጃው አዲስ ቀለም መጀመሪያ ከረፋ፤ መስኮት ተከፈተ፣ ሁለት ሦስት ሰው አሳለ። ከዚያ እንጨቱ ያዘ፣ ይንጣጣ ጀመር። ሙቀቱ ፊቷን ሲነካት ባሏ ናፈቃት፤ ከሞተ ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ናፍቋት አያውቅም።

የአማቷን ወንበር ወደ እሳቱ አስጠጋች። ራሷም አግዳሚ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች፤ ለእሳቱ የቀረበውን ቦታ ለቀቀች። በያጁ ሊቀመጥበት ጎንበስ ካለ በኋላ ፊቷን አየና ተወው። ቆሞ ሞቀ።