አራተኛው ፒስተን

አያ አይቸው በሀደራው ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በግትርነታቸውና ግቢያቸው ውስጥ በተጎለተችው አሮጌ ፔጆ። የልጅ ልጃቸው ሊኖይ ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ "ሙሽራ ስትሆኚ በዚህች መኪና ነው የምሸኝሽ" ብለው ምለውላት ነበር። ይኸው ሊኖይ አደገች፣ ጻቫዋን ጨርሳ ከወታደርነት ወጣች፣ ዶሮን የሚባል የሀይፋ ልጅ ወደደች። የፔጆዋ ሞተር ግን እንደተፈታ ነው።

"ሞተሩ ሳይነሳ ሠርግ የለም!" አሉ አያ አይቸው። መሐላ ነዋ!

ሦስቱ ፒስተኖች ገብተዋል። አራተኛው ነው ያስቸገረው። ፒስተኑ ላይ የሚጠመጠሙት ቀለበቶች፣ በጋራዥ ቋንቋ ፋሻ የሚባሉት፣ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ቀጭ! ሌላ ታዘዘ፣ ስንት ወር ፈጅቶ መጣ፤ አሁንም ቀጭ! ጎንደር ጋራዥ ያደጉ ሰው፣ ስንቱን የጭነት መኪና ያስነሱ ሰው! ሰፈሩ "አረጁ" ብሎ ከንፈሩን መጠጠላቸው። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፋሻውን ጨምቆ መያዝ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይለግማል። ያቺ ልጅ ከሄደች በዚህ ቤት ማን ይስቃል?

ዓርብ ጠዋት አዲሱን ፋሻ ዘይት ቀብተው፣ በቆርቆሮ ማቀፊያ አቅፈው፣ በሁለት እጃቸው ጨምቀው ሲሊንደሩ አፍ ላይ እንዳስቀመጡት የግቢው በር ተንኳኳ። ከዶሮን ወገን የተላኩት ሽማግሌ፣ አያ አቭራሃም፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡ። አብረዋቸው የተላኩት ሁለት ሽማግሌዎች መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን እየዞሩ ነው።

"ተነስቼ አልስምዎትም፣ ይቅር ይበሉኝ" አሉ አያ አይቸው። "እጄን ከለቀቅሁ ይሰበራል።"

"ግድ የለም። እኔም እሺ ሳልባል አልቀመጥም፤ ደንባችን ነው።"

"መቆምዎ ካልቀረ እንግዲያ ያቺን መዶሻ ያንሱ።"

"በዚህ ልብስ?"

"የሰው ልጅ ሊወስዱ መጥተው ለልብስ ይሳሳሉ? በእጀታው በኩል፣ ቀስ እያሉ ፒስተኑን ይምቱ።"

አያ አቭራሃም በልባቸው እየተራገሙ መቱ። ቋ። ቋ። ፒስተኑ ትንሽ ገባ። የአያ አይቸው ጣቶች፣ እንደ ልማዳቸው፣ ላላ ማለት ጀመሩ።

"አባባ! ዳይ፣ ይበቃል!"

ሊኖይ ናት፤ በመስኮት ስታያቸው ቆይታ መውጣቷ ነው። መጥታ እጇን በእጃቸው ላይ አደረገች። አልጨመቀችም፤ አደረገች ብቻ።

"ለምን እንደሚሰበር ያወቅሁት ሁለተኛው ፋሻ ሲሰበር ነው" አለች ዝቅ ብላ። "ከሀይፋ እስከ ሀደራ ምዕራብ ባቡር አለ እኮ፣ አባባ። ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። የዚህችን መኪና ዘይት ከእኔ ሌላ ማን ሊቀይር ነው?"

አያ አይቸው እፍረትም ደስታም አንድ ላይ ያዛቸው። ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቀች ዝም አለቻቸው? ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ በራሳቸው እጅ፣ ማንም ሳያግዛቸው፣ ማቀፊያውን ጥርቅም አድርገው ያዙ።

"ይምቱ!" ብለው ጮኹ።

አያ አቭራሃም ደንግጠው መቱ። ፒስተኑ ስርግ ብሎ ገባ። ቀጭ የሚል ነገር አልተሰማም።

አያ አቭራሃም ነጠላቸው በዘይት ተጨማልቆ፣ መዶሻውን እንደያዙ፣ ከቤታቸው ሲለማመዱት የመጡትን ንግግር ጀመሩ። "እንግዲህ፣ አያ አይቸው፣ ደጅዎ ላይ ያቆመን ጉዳይ..."

አያ አይቸው አላስጨረሷቸውም። እጃቸውን በጨርቅ ጠራረጉ፣ ባዶውን የዘይት ባልዲ ደፉና ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት።

"ይቀመጡ" አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች መኪናቸውን አቁመው ላባቸውን እየጠረጉ ከበሩ ሲደርሱ፣ አያ አቭራሃም በዚያ ነጭ ሱሪ ባልዲው ላይ ተቀምጠዋል። ምን ተባለ ብለው አልጠየቁም።