የዶን አይቻልም ሰባተኛ ነጥብ

ሰኞ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ጡረታ ወጥተው ከካናዳና ከአሜሪካ ወደዚህች የሐይቅ ዳር መንደር ለሚመጡ ሰዎች ትምህርት እሰጣለሁ። እኔም ከዊኒፔግ ነው የመጣሁት፤ ሜክሲኮ መኖር ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ትምህርቱ አሥራ ሁለት ነጥብ አለው። መኪናችሁ ውስጥ አንዲት የተረሳች ጥይት ብትገኝ ወህኒ ትወርዳላችሁ እላለሁ፤ ስልካችሁን ገበያ መሀል እያወዛወዛችሁ አትሂዱ እላለሁ። ስድስተኛው የመንግሥት ሕግ ነው፤ የውጭ ዜጋ በአገሩ ፖለቲካ እጁን ካስገባ ሊባረር ይችላል። ሰባተኛው ግን የራሴ ነው፤ በሰው ጉዳይ ምስክር ሆናችሁ አትፈርሙ። የመንደሩ ሰው «ዶን አይቻልም»፣ አቶ አይቻልም እንደ ማለት ነው፣ የሚል ስም አውጥቶልኛል። ይበሉ! እስካሁን አንድም ተማሪ አልተባረረብኝም።

ጎረቤቴ ሎርና ትምህርቴን አንድም ቀን በሰላም አስጨርሳኝ አታውቅም። የሰባ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ድሮ ነርስ ነበረች። ባሏ ክላይድ የተቀበረው እዚሁ ነው፤ አጠገቡ የእሷም ቦታ ተይዞላታል።

ባለፈው መጋቢት ማዘጋጃ ቤቱ የምንጩን ውሃ ለአንድ ሆቴል ሠሪ ሰጠና መንደሩ ሰልፍ ጠራ።

«ሞሪ፣ እኔም እኮ የምጠጣው ያንኑ ውሃ ነው» አለችኝ ሎርና።

«ስድስተኛው ነጥብ።»

«በራፌ ላይ ቆሜ ብመለከትስ?»

«ግቢሽ ውስጥ ሆነሽ እይ። እግርሽ ደጁን እንዳያልፍ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ! ክላይድ እንኳ እንዲህ አልተቆጣጠረኝም» አለች። ግን ሰማችኝ። በሰልፉ ቀን ወንበሯን ከበሩ ወደ ውስጥ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ጣሪያዬ ላይ ወጣሁ።

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የክላይድን ሬሳ ሣጥን የሠሩት አናጢው ዶን ኤውሴቢዮ፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ልክ በሯ ጋ ሲደርሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሎርና ተስፈንጥራ ወጣች። መፈክር አላሰማችም፤ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ውሃ በጠብታ ታጠጣቸው ጀመር። ሁለት ልጃገረዶች «ውሃችንን መልሱ» የሚለውን ጨርቅ ጥላ እንዲሆናቸው ከላያቸው ዘረጉት። ያኔ ነው የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ፎቶ ያነሳው። ሁሉንም አይቻለሁ። ሎርናም ቀና ብላ አየችኝ።

በሳምንቱ ከኢሚግሬሽን መጥሪያ መጣላት። ፎቶው ላይ ከመፈክሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ሽማግሌው ግን በሰው እግር ተሸፍነው አይታዩም።

«ከጣሪያ ላይ አይተሃል» አለችኝ። «መጥተህ ያየኸውን ብትነግራቸው ይበቃኛል። ካባረሩኝ ክላይድን ትቼ ልሄድ ነው እኮ።»

«ሎርና፣ ሰባተኛው ነጥብ...»

«እሺ» አለች።

እውነቱን ልናገር፤ እንዳልመሰክር የሚከለክለኝ ሕግ የለም። ፈራሁ። ስሜ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ አልፈለግሁም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ አንድ አሮጌ አውቶቡስ በሯ ላይ ቆመ። ዶን ኤውሴቢዮ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፤ ልጃገረዶቹ ገቡ፤ ግማሽ መንደሩ ገባ። ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ የምትሸጠው ዶኛ ቻዮ በመስኮት አየችኝ።

«ዶን አይቻልም! አንድ ወንበር ተርፎናል፣ አይመጡም?»

«ሆዴን አሞኛል» አልኩ።

«አይ! እግዜር ይማርዎት» አለች፤ ከኋላዋ ሴቶቹ ሳቁ።

ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ከሚያዋስነን ግንብ ወዲያ የተሰጣውን የሎርናን ልብስ እያየሁ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ እየዘፈነ ተመለሰ። ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ሎርና አትሄድም። በግንቡ ላይ ስትጠራኝ ስድቧን ልቀበል ተዘጋጅቼ ወጣሁ። እንድትሰድበኝም ፈልጌ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ዶን ኤውሴቢዮ አለቀሱ፣ ጸሐፊዋም አብራ አለቀሰች፤ ጉድ ነበር!» ብላ ሳቀች። «መጨረሻ ላይ፣ ከውጭ ዜጎች መሀል ያየ ሰው አለ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«የለም አልኳቸው። ጎረቤትሽስ ሲሉኝ፣ የዚያን ቀን ቤቱ አልነበረም አልኩ።»

«ለምን?»

«ስምህ እንዳይጻፍ ነዋ። ትፈራለህ አይደል?» አለችና በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን በግንቡ ላይ አቀበለችኝ። «የሩዝ ሾርባ ነው፤ ቻዮ ናት የላከችልህ። ሆድህስ ተሻለህ?»

የምሯን ነበር የጠየቀችኝ።