የድንቡሼ ሦስት ቁጥር

ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው። ማኅተም ቀራጩ ያችኑ አንዲት ሦስት ቁጥር ለአምስተኛ ጊዜ ሲያጠፋ ነበር፤ ደብተሩ ምን ያድርግ፣ እስከ አራተኛው ታግሷል።

"እንደገና" አላት ልጁን። "አፉ ወደ ግራ፣ ሆዱ ወደ ቀኝ።"

የስድስት ዓመቷ ብቸኛ ልጁ ድንቡሼ እርሳሷን ጨብጣ አዲስ ገጽ ላይ ጻፈች። ቀና ብላ ስታየው የአባቷ ፊት ጠቁሯል። የሦስቱ አፍ አሁንም ወደ ቀኝ ነበር። እርሳሷን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። እሁዳቸው እንዲሁ አለቀ።

የሰውየው ጭንቀት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው ፊደል በመገልበጥ ነው። ማኅተም ወረቀት ላይ ሲመታ በትክክል እንዲነበብ፣ ላስቲኩ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ድንቡሼ ደግሞ ዳዴ ማለት ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ያደገችው እዚያችው ባለ አንድ በር ሱቁ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተወሽቃ የላስቲክ ፍርፋሪ እየለቀመች ነው። መጻፍ ስትጀምር ግማሹን ፊደልና ቁጥር ስትገለብጥ ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም። እኔው ነኝ ያበላሸኋት አለ። መቼም አባት ሲጨነቅ ምርመራውም ፍርዱም በእጁ ነው።

ሚስቱ ነገር ማክበድ አትወድም። ልጅ ናት፣ ተዋት፣ ጊዜው ሲደርስ ይገባታል ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱ ግን አልተዋትም። ልጅቷ ሱቅ ድርሽ እንዳትል ከለከለ፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አክስቷ ቤት እንድትቆይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ላጲሷ ከሸሚዝ ኪሱ ተለይታ አታውቅም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት የአንድ ክሊኒክ ጸሐፊ ያዘዘችውን ማኅተም ልትወስድ መጣች። እንደ ልማዱ ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ መታላት። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየችው፣ ዘቅዝቃ አየችው፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ጽሑፉ በሙሉ ተገልብጦ ወጥቷል። ሰውየው ለልጁ ፊደል ሲያቃና ከርሞ ላስቲኩንም አቃንቶ ቀርጾት ኖሯል። ላቡ ጠብ አለ። ጀማሪ እንኳ የማይሠራውን ስህተት በዚህ ዕድሜው ሠራ። ከሰዓት አደርስልሻለሁ ብሎ ለምኖ ሸኛትና ጉዱን ማንም እንዳያይበት ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ረፋዱ ላይ የድንቡሼ ቲቸር ልታነጋግረው ቀጥራዋለች።

ቲቸሯ ጸጉሯን ሽበት የጀመራት ረጋ ያለች ሴት ናት። የሕፃናት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። ገና አፏን ሳትከፍት ሁሉንም ዘረገፈላት። ስለ ሱቁ፣ ስለ ላስቲኩ፣ ጥፋቱ የሱ እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ። ብቻ ክፍል እንዳትደግምበት ለመነ።

እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ተነስታ አንድ እቅፍ ደብተር አመጣችና በየተራ ትገልጥለት ጀመር። እዚህ የዞረ ሰባት፣ እዚያ የዞረ ሁለት፣ አንዱ ጭራሽ ስሙን ከቀኝ ወደ ግራ ጽፎታል።

"ይሄ የሹፌር ልጅ ነው" አለችው። "ይቺ የነርስ። የዚህ አባት አናጢ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ማኅተም የሚቀርጽ አባት ያለው የትኛው ነው?"

የአናጢውን ልጅ ደብተር መልሶ ዘጋው።

"ኩባያ ጆሮው በቀኝም ሆነ በግራ ያው ኩባያ ነው። ልጆች ሁሉን ነገር እንደዚያ ነው የሚያውቁት። ሲዞር ተሳሳትክ የሚያስብለው ጽሕፈት ብቻ ነው፤ እሱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆናቸው አብዛኞቹ ይተዉታል። ያልተወ ካለ ያኔ አብረን እናየዋለን።"

እፎይ ሊል ነበር። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"እኔ የጠራሁዎት ለዚህ አይደለም፣ የድንቡሼ አባት።"

የድንቡሼን ደብተር ከፈተችለት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጢም ብለው ሞልተዋል። የዞረውም ያልዞረውም ፊደል ተጋፍቶ፣ በየጥጉ ደግሞ ጺም ያላት ድመት አለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ከላይ በቲቸሯ እጅ የተጻፈ ቀን አለ፣ ከሥር ምንም የለም። ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረ። ሦስት ሳምንት።

"ለምን አትጽፊም ስላት፣ 'ከጻፍኩ አባዬ ይከፋዋል' አለችኝ።"

ባዶዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ገለጣቸው፣ የሆነ ቦታ አንድ ጭረት እንኳ ባገኝ ብሎ። አላገኘም። ዛሬ ድንቡሼን ራሱ ይዟት እንደሚሄድ ለቲቸሯ ነግሮ የስድስት ሰዓቱ የመውጫ ደወል እስኪደወል በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ድንቡሼ ሱቁ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። "አክስቴ ጋ አይደለም እንዴ የምሄደው?"

"ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል። ነይ አግዢኝ።"

ሁለቴ አላስባለችውም፤ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የድሮ ቦታዋን ያዘች። እሱ የመሳቢያውን ቁልፍ ይዞ ትንሽ አመነታ። ያን ጉድ ለሚስቱ እንኳ ሊነግራት አላሰበም፤ ሞያው ነው ኩራቱ። መጨረሻ ላይ መሳቢያውን ከፈተና የተበላሸውን ማኅተም አውጥቶ፣ ቀለም አስነክቶ፣ ከነጭ ወረቀት ጋር ሰጣት።

"እስኪ ምቺልኝ።"

በሁለት እጇ ይዛ፣ በሙሉ ክብደቷ ተጭና መታችው። አነሳችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዳዴዋ ጀምሮ ያየችው ነገር ነውና አልሸወዳትም።

"አባዬ፣ እንዲህ የሚሆነው ላስቲኩ ላይ ነው እንጂ ወረቀት ላይ አይደለም።"

"አዎ። ተሳስቼ ነው።"

"አንተ?"

"እኔ።"

ትንሽ አሰበችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ተቆጡህ?" አለችው።

"ጸሐፊዋ ሳቀች እንጂ ማንም አልተቆጣኝም" አላት። ከዚያ ደግሞ "እኔ ግን አንቺን ተቆጥቻለሁ። እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም" አለ።

ድንቡሼ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ ሳበችና ከማኅተሙ ሥር መጻፍ ጀመረች። ምላሷን አውጥታ፣ አንገቷን አዘንብላ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ በጥርጣሬ አየችው። አፉ ወደ ቀኝ ነው።

"አባዬ፣ ላጲስ አለህ?"

ላጲሷ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ ደረቱን ትቆረቁረዋለች።

"የለኝም" አላትና ለክሊኒኩ አዲስ ላስቲክ መቁረጥ ጀመረ። "አራትን ጻፊ።"